ሥራ ሳይለቁ የኤሌክትሪክ ሙያ ልምድ ስለማግኘት፦ ለአንድ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በቃሊቲ አካባቢ በሚገኝ አንድ የግል ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሙሉ ቀን፣ ቅዳሜ ደግሞ እስከ ስድስት ሰዓት እሠራለሁ። በማታው ክፍለ ጊዜ በሕንፃ ኤሌክትሪክ ተከላ ደረጃ ሁለት ሠልጥኜ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት) ምዘናውን አልፌያለሁ፤ ነገር ግን ያመለከትሁባቸው ቦታዎች ሁሉ የሁለት ዓመት ልምድ ይጠይቁኛል። እናቴንና ታናሽ እህቴን የማስተዳድረው እኔ ስለሆንሁ ደመወዜን ትቼ በረዳትነት መግባት አልችልም። በትርፍ ጊዜዬ ልምድ ማግኘት የምችለው እንዴት ነው? ያለ ክፍያስ ልሥራ? አሁን ያለሁበትን ሥራ መቼ ልልቀቅ?»

ምላሽ፦ ጥያቄዎ ሦስት ቢሆንም መልሱ የሚጀምረው ከአንድ ስሌት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አራት ሰዓት ያህል፣ በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ አንድ ሙሉ እሑድ ለሙያው ቢሰጡ በአማካይ በሳምንት ስምንት ሰዓት ያገኛሉ። በዓላቱን፣ ለቅሶውንና ሠርጉን ቀንሰን በዓመት 45 ሳምንት ብንይዝ 360 ሰዓት፣ ማለትም 45 የሥራ ቀን ይሆናል። በወር 25 ቀን የሚሠራ የሙሉ ጊዜ ረዳት ይህን ያህል ሰዓት ሁለት ወር ሳይሞላው ያጠናቅቃል። ይህን ስሌት ሳያደርጉ «ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ» ብለው ለቅጥር የቀረቡና ፎርማኑ ፓኔል ቦርድ፣ ማለትም ብሬከሮቹ ያሉበትን የኃይል ማከፋፈያ ሳጥን፣ ከፍቶ «እስቲ ይህን አስረዳኝ» ሲላቸው የተደናገጡ ወጣቶች አይቻለሁ፤ ጥፋቱም የእነርሱ ብቻ አልነበረም።

ለትርፍ ጊዜ ተለማማጅ ከሰዓቱ ማነስ ይልቅ የሚጎዳው የሥራው መቆራረጥ ነው። ብዙዎች እንደሚያደርጉት በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ትልቅ ሕንፃ ሄደው ቅዳሜና እሑድ እንዲያሠሩዎት ቢጠይቁ ምናልባት ፈቃድ ያገኛሉ፤ ነገር ግን ቅዳሜ ከአርማታው በፊት ቱቦ ሲያስሩ ውለው ሰኞ አርማታው ሲሞላ እርስዎ ግምጃ ቤትዎ ነዎት፣ ገመዱ ከወራት በኋላ በሥራ ቀን ይጎተታል፣ ፓኔሉን ሌላ ቡድን ያስራል፣ ፍተሻው የሚደረገው ደግሞ መሐንዲሱ በሚገኝበት ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ግድግዳ መቦርቦርንና ቱቦ መቅበርን አርባ ጊዜ ደጋግመው፣ አንድም መስመር ከብሬከሩ ተነሥቶ መብራቱ እስኪበራ ድረስ ሳያዩ ይቀራሉ። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ በእርስዎ ሰዓት ተጀምሮ በእርስዎ ሰዓት የሚያልቅ ሥራ ይፈልጉ።

እንዲህ ያለ ሥራ በአዲስ አበባ እንደ እድል ሆኖ ሞልቷል። የኮንዶሚኒየም ቤት ባለቤት ቤቱን ተረክቦ ፊኒሺንጉን የሚያሠራው ራሱ ነው፤ እርሱም እንደ እርስዎ ደመወዝተኛ ስለሚሆን ቁልፉን ይዞ የሚመጣው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወይም እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። የነዋሪ ቤት ጥገናም እንዲሁ። ባለ አንድ መኝታ ቤት ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ መግጠም፣ የሞተ መስመር ፈልጎ ማግኘት፣ የሚወርድ ብሬከር መንስኤውን መለየት፣ ሁሉም በአንድ ወይም በሁለት ቅዳሜ ይጠናቀቃል።

ከእነዚህ ውስጥ አንዱን ዘርዝሬ ላሳይዎት፤ ምክንያቱም ለጀማሪ ከእንጀራ ምጣድ የተሻለ መምህር አላውቅም። አንዲት ባለቤት «እንጀራ ስጋግር ሶኬቱ ይሸታል» ብላ ትጠራለች እንበል። ምጣዱ 3,500 ዋት ቢሆን፣ ለ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ይስባል። መስመሩ በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ተዘርግቶ በ16 አምፔር ብሬከር ከተጠበቀ፣ ጋገራው በሚወስደው ሁለት ሰዓት ሁሉ መስመሩ በአቅሙ ጫፍ ላይ ይቆያል፤ በዚያው መስመር ላይ ማቀዝቀዣና ካውያ ሲጨመሩ ደግሞ ብሬከሩ ይወርዳል። ከጌታዎ፣ ማለትም ከሚያሠለጥንዎት ሙያተኛ ጋር ፓኔሉን ሲከፍቱ ምናልባት ከእናንተ በፊት የመጣ ሰው «መጥፋቱን እንዲያቆም» ብሎ 32 አምፔር ብሬከር ቀይሮ ታገኛላችሁ። መጥፋቱ በእርግጥ ቆሟል። ብሬከሩ የተቀመጠው ግን ምጣዱን ሊጠብቅ ሳይሆን ገመዱን ሊጠብቅ ነውና፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ገመዱ በግድግዳው ውስጥ ያለ ጠባቂ ይግላል። ትክክለኛው መፍትሔ ከፓኔሉ ለብቻው የተነሣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ መስመር፣ 20 ወይም 25 አምፔር ብሬከር፣ አስተማማኝ ግራውንድ (ከመሬት ጋር የሚያገናኝ የጥበቃ መስመር)፣ ያልተቃጠለ ሶኬትና በደንብ የጠበቀ ብሎን ነው። በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጭነት ስሌት፣ የገመድ ምርጫ፣ የፓኔል አከፋፈት፣ ገመድ መጎተት፣ ልኬት፣ ከዚያም ባለቤቲቱ ለምን ተጨማሪ ወጪ እንደሚያስፈልጋት በትሕትና ማስረዳትን አብረው ተማሩ ማለት ነው። በትልቁ ሕንፃ ላይ ይህን ሁሉ በስድስት ወር ላያገኙት ይችላሉ።

ትልቁ ሕንፃ የሚያስተምረው ነገር የለም ማለቴ አይደለም። ባለ ሦስት ፌዝ ማከፋፈያ፣ የ380 ቮልት ሞተሮች፣ ከውሃና ከፍሳሽ ሠራተኞች ጋር ቦታ መሻማት የሚታወቀው እዚያ ነው። ለእርሱ ግን ቅዳሜን ሳይሆን የዓመት ፈቃድዎን ይመድቡ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ በየሁለት ተጨማሪ ዓመት አገልግሎትም አንድ ቀን ይጨመራል። እነዚህን ቀኖች በተከታታይ ወስደው፣ ሕንፃው ገመድ ጎትቶ ፓኔል በሚያስርበትና በሚፈትሽበት ወቅት ቢገቡ፣ ከሃያ የተበጣጠሱ ቅዳሜዎች የበለጠ ያገኛሉ። ያለ ዕረፍት ዓመቱን መጨረስ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ በየዓመቱ አይድገሙት።

ከዚህም የቀረበ በር አለ፤ እርስዎም በጥያቄዎ ውስጥ አልፈውት ሄደዋል። የሚሠሩት በፋብሪካ ነው። ፋብሪካ የጥገና ክፍል አለው፤ ብሬከሩ፣ ኮንታክተሩ፣ ሪሌው፣ ገመዱ ሁሉ ወጪ የሚደረገው በእርስዎ እጅ ነው። ለጥገና ክፍሉ ኃላፊ በጽሑፍ አመልክተው፣ ማሽኖቹ ለጥገና በሚቆሙባቸው ቀናት በረዳትነት እንዲገኙ ቢጠይቁ ብዙ የሚያጡት ነገር አይኖርም። የቅርብ አለቃዎ አስቀድሞ ይወቅ፤ ፈቃዱም በቃል ሳይሆን በደብዳቤ ይሁን። ይህን የምመክረው ለትምህርቱ ብቻ ብዬ አይደለም፦ ጉዳት ቢደርስብዎት በተቀጠሩበት ድርጅት ውስጥ፣ በድርጅቱ ፈቃድ ሲሠሩ የደረሰ ጉዳት ስለሚሆን መብትዎን ለማስከበር ይቀልላል። አዋጁ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። በውጭ፣ ያለ ውል ከሚሠራ ሙያተኛ ጋር ሆነው ከመሰላል ቢወድቁ ግን የቅጥር ግንኙነቱን ማስረዳቱ ራሱ አንድ ሙግት ነው።

የውጭውን ሙያተኛ ፍለጋ በተመለከተ፣ ከማስታወቂያ ይልቅ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሮችን እመክራለሁ። በመርካቶም ሆነ በሰፈርዎ ያለ ባለ መደብር፣ ማን ጥራት ያለው ገመድ እንደሚገዛ፣ ማን ርካሹን አንሥቶ ደረሰኙን በውዱ ዋጋ እንደሚያስጽፍ፣ ማንስ በየሳምንቱ ሥራ እንዳለው ከማንም በላይ ያውቃል። ወደ ሙያተኛው ሲቀርቡም «አስተምሩኝ» ብለው አይጀምሩ፤ ሥራ የበዛበት ሰው ይህን ቃል የሚሰማው እንደ ተጨማሪ ሸክም ነው። እርስዎ ግን እርሱ የሌለውን ነገር ይዘዋል። አብዛኛው ጎበዝ ሙያተኛ በእጁ እንጂ በወረቀት አይሠራም፤ የዕቃ ዝርዝር ማውጣት፣ ዋጋ ማወዳደር፣ የተረፈውን መመዝገብ፣ ለደንበኛው ንጹሕ ሒሳብ ማቅረብ ያስጠላዋል። ለአንድ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ይህ የዕለት እንጀራው ነው። «የዕቃውንና የሒሳቡን ነገር እኔ እይዝልዎታለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬዎት ልውጣ» ቢሉት ደንበኛውም ይደሰታል። የዕቃ ዝርዝር ማውጣትም ራሱ ትምህርት ነው፦ የቤቱን ፕላን ይዞ ስንት ሜትር ገመድ፣ ስንት የማገናኛ ሳጥን፣ ስንት ብሬከር እንደሚያስፈልግ የገመተና ሥራው ሲያልቅ ግምቱን ከተረፈው ጋር ያነጻጸረ ሰው፣ ከአሥር ቤት በኋላ ራሱ ጨረታ መሙላት ይችላል።

ያለ ክፍያ ልሥራ ወይ ለሚለው፣ ከአራት ወይም ከአምስት ቅዳሜ በላይ አይሥሩ። ምክንያቴ ከገንዘቡ ይልቅ የሰው ጠባይ ነው። በነጻ የሚሠራ ረዳት ለሙያተኛው ምንም ስለማያስወጣው፣ ቀኑን ሙሉ መሮና መዶሻ አስይዞ ቢያስቀምጠው አይቆጨውም፤ ትንሽም ቢሆን የሚከፍለው ሰው ግን ገንዘቡን የሚመልስ ሥራ እንዲሠራለት ስለሚፈልግ ፈጥኖ ያስተምረዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምሳና ትራንስፖርት፣ ከዚያ በኋላ ከሙሉ ረዳት የቀን ሒሳብ ያነሰ ነገር ግን የታወቀ ክፍያ ይስማሙ። ከመጀመሪያው ክፍያ የሚገዛው የራስዎ ቴስተር፣ መልቲሜትር፣ እጀታቸው እስከ 1,000 ቮልት የተሸፈነ ካቻቪቴና ፒንሳ፣ እንዲሁም ሶሉ ጎማ የሆነ ጫማ ነው። የተዋሱት ቴስተር መቼና በማን እጅ እንደተበላሸ አይታወቅም።

ወደ ቴስተሩ ከገባን አንድ የራሴን ታሪክ ላንሣ። ሁለተኛ ዓመቴን በረዳትነት ሳገባድድ፣ በአንድ አሮጌ ቪላ ጣሪያ ሥር መሰላል ላይ ቆሜ ሙያተኞች ስካቶላ በሚሉት የማገናኛ ሳጥን ውስጥ እሠራ ነበር። የክፍሉ ብሬከር ወርዷል፤ ፌዙን፣ ማለትም ኃይል የሚያመጣውን ገመድ፣ በቴስተር ነክቼ ኃይል እንደሌለው አረጋግጫለሁ። ኒውትራሎቹ (የመመለሻ ገመዶቹ) ግን ሁሉም አንድ ላይ ተጠማዝዘው ስለነበር ለየሁዋቸው፤ በዚያው ቅጽበት ያዘኝና ከመሰላሉ ወደቅሁ፣ የግራ እጄም ተሰበረ። የሌላው ክፍል ኒውትራል በዚያ ሳጥን በኩል ያልፍ ነበር፤ በዚያ ክፍል አምፖሉ በርቶ ስለነበር፣ ኒውትራሉን ስነቅለው ፌዙ በአምፖሉ ውስጥ አልፎ ወደ እጄ መጣ። ገመዱም ሰማያዊ ነበር፤ ቀለሙ ምንም አላዳነኝም። የትርፍ ጊዜ ተለማማጅ ቤቱን ባለፈው ሳምንት ስላላየው፣ በመካከልም ማን ምን እንደነካ ስለማያውቅ ለእንዲህ ያለው አደጋ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ስለዚህ ሳጥን ከመክፈትዎ በፊት ዋናው ይጥፋ፤ ፓኔሉን የሚቆልፍ ወይም የሚጠብቅ ሰው ይኑር፤ ቴስተሩን አስቀድመው ኃይል እንዳለው በሚያውቁት ሶኬት ላይ ይሞክሩት፣ ከዚያ ኒውትራሉን ጨምሮ እያንዳንዱን ገመድ ይፈትሹ፣ በመጨረሻም ቴስተሩን እንደገና ወደ ሚያውቁት ሶኬት መልሰው ያረጋግጡ። «አጥፍቼዋለሁ» የሚል ድምፅ ከሌላ ክፍል ቢሰሙ፣ የተናገረው ጌታዎ ቢሆንም እንኳ ሄደው ይዩ።

በሥራ ቀን ምሽት ደክመው ኃይል ያለበት መስመር ጋ አይሂዱ። ምሽቱ የሚጠቅመው ለሌላ ነገር ነው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ኮምፔንሳቶ ገዝተው ትንሽ ፓኔል፣ ሁለት የመተላለፊያ ማብሪያ፣ አንድ ሶኬትና ሁለት የአምፖል መያዣ ይግጠሙበትና ከኃይል ጋር ሳያገናኙ ደጋግመው ያስሩት፣ በመልቲሜትር ይፈትሹት፣ ይፍቱት። ከሁለት ቦታ የሚበራና የሚጠፋ መብራት፣ ቀጥሎም ከሦስት ቦታ፤ ኮንታክተር ሲያገኙ የሞተር ማስነሻና ማቆሚያ። ለደረጃ ሦስት ምዘና ሲቀርቡ እጅዎ የሚፈታው በዚህ ሰሌዳ ላይ ነው። ቅዳሜ ላይ ደግሞ በሰሌዳው ላይ ሊለማመዱት የማይችሉትን ነገር ጌታዎ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ፤ በተለይ ሥራው ሲያልቅ መስመሩን በ500 ቮልት ሜገር፣ ማለትም የገመዱን ሽፋን የመከላከል አቅም በሚለካ መሣሪያ፣ መለካትን። በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት የመከላከያ ሽፋኑ ልኬት ከ1 ሜጋ ኦም በታች ከሆነ መስመሩ ኃይል አይሰጠውም። ብዙ የቤት ሙያተኛ ሜገር የለውም፤ መብራቱ ከበራ ሥራው አለቀ ይላል። ሜገር ያለውን ካገኙ አይልቀቁት።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ፤ ቀጣሪዎች የሚጠይቁዎት «የሁለት ዓመት ልምድ» በሁለት ዓይነት መንገድ ነው የሚመዘነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ትልልቅ ድርጅቶች ማኅተም ያለው የልምድ ደብዳቤ ይፈልጋሉ፤ ልምዱ ከግል ድርጅት ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይጨምራሉ። ንግድ ፈቃድ ከሌለው ሙያተኛ ጋር ያሳለፉት ቅዳሜ ሁሉ በእነርሱ ዘንድ አይቆጠርም። ስለዚህ ሁለት እኩል ጎበዝ ሙያተኞች ካገኙ ፈቃድ ያለውን ይምረጡ፤ የትርፍ ጊዜ ውልም በጽሑፍ ይጠይቁት። በውሉ ላይ የምትሠሩባቸው ቀናት፣ ክፍያውና የሚማሩት የሥራ ዓይነት ይጻፍ። ከዚያ በፊት የፋብሪካዎን የሥራ ውልና የውስጥ ደንብ አውጥተው ሌላ ሥራ መሥራትን የሚከለክል ቃል እንዳለው ያንብቡ። አነስተኛ ኮንትራክተሮች ግን ከደብዳቤው ይልቅ እጅዎን ያያሉ፤ ለእነርሱ የሚያቀርቡት ማስታወሻ ደብተርዎን ነው። በእያንዳንዱ ቀን የተሠራውን፣ እርስዎ በእጅዎ የሠሩትንና ቆመው ያዩትን ለይተው፣ የተለካውን ቁጥር ጨምረው ይጻፉ፤ ጌታዎም ይፈርምበት። «ዘጠኝ ቤት፣ 310 ሰዓት፣ አራት ፓኔል በእጄ» የሚል አንድ መስመር ከ«ሁለት ዓመት» የበለጠ ይታመናል፤ በተግባር ሲፈተኑም አያሳፍርም።

ሙያ መማርዎ ሲሰማ ጎረቤት መጥራቱ አይቀርም። አምፖል ቢቀይሩ ማንም አይወቅስዎትም፤ ፓኔል የሚያስከፍት ሥራ ሲሆን ግን ከጌታዎ ጋር ሆነው ይሂዱ እንጂ ብቻዎን አይግቡ። በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረት የኤሌክትሪክ ተከላ ሥራን በራስ ስም ለመሥራት ዘርፉን ከሚቆጣጠረው ባለሥልጣን የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ማግኘት ያስፈልጋል፤ የሲኦሲ ወረቀት ለዚያ የሚያበቃ ደረጃ እንጂ ምትኩ አይደለም። ቆጣሪውንና ከእርሱ በፊት ያለውን መስመር ደግሞ ጌታዎ ቢያዝዎትም አይንኩ፤ ያ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ንብረት ነው፣ ማኅተሙን መቁረጥም በሕግ ያስጠይቃል።

ከስድስት ወር በኋላ አሁንም ከመሮና ከመዶሻ ካልወጡ፣ ሁለት ነገር ለይተው ይጠይቁ፦ አንድ ፓኔል እርሱ እያየዎት ለማሰር፣ እና አንድ ብልሽት እርሱ ሳይነግርዎት ለመፈለግ። በሚቀጥለው ወር ሁለቱንም ካላገኙ፣ ሒሳቡን አስረክበው በምስጋና ይሰናበቱ።

ሥራዎን የሚለቁበትን ጊዜ የምለካው በዓመት አይደለም። ሁለት ሙሉ ቤት፣ ከፓኔሉ እስከ መጨረሻው ማብሪያ፣ ጌታዎ እያየ ነገር ግን እጁን ሳያስገባ ሠርተው፣ ለክተውና ለባለቤቱ አስረክበው ከሆነ ለሙሉ ጊዜ ሥራ በቅተዋል ማለት ይቻላል። ቤተሰብ አስተዳዳሪ ስለሆኑ ከዚህ ጋር የሦስት ወር ደመወዝ የሚያህል ቁጠባ ይያዙ፤ የግንባታ ሥራ እንደ ግምጃ ቤት ደመወዝ በየወሩ አይመጣም፣ በክረምትም ይቀዘቅዛል። በዚህ ምክንያት ቢዘጋጁ እንኳ በግንቦት አይልቀቁ። አዋጁ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ስለሚጠይቅ፣ ደብዳቤዎን መስከረም መጀመሪያ ላይ አስገብተው ግምጃ ቤቱን በሥርዓት ቆጥረው ካስረከቡ፣ ዝናቡ ቆሞ ሳይቱ በሚሟሟቅበት በጥቅምት ሥራ ይጀምራሉ።